አይሮፕላንን በአየር ላይ የሚይዘው ምንድን ነው?

ባለፈው የፍልሰታ ጾም ከሰንበቴ ማኅበራችን እናቶች አንዲቱን ለመሸኘት ወደ ጋምቤላ አይሮፕላን ማረፊያ ሄጄ ነበር። እኚህ እናት ዐይኖቻቸው በሞራ ተጋርደው የሰው ፊት ለይተው ማየት ከተሳናቸው ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። ልጃቸው በአዲስ አበባ ሐኪም ይዛ ትጠብቃቸዋለች። ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነውን መንገድ በመኪና እንዳይሄዱ ዕድሜያቸው አይፈቅድም፤ ስለዚህ የአይሮፕላን ቲኬት ተቈረጠላቸው። እርሳቸው ግን እስከዚያች ቀን ድረስ ተሳፍረውበት አያውቁም ነበርና ሌሊቱን በጸሎት አድረው፣ በማለዳው ከወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጠው፣ የነጠላቸውን ጫፍ እየቋጠሩ እየፈቱ፦

«እስቲ ልጄ፣ አንተ መምህር ነህ፤ እውነቱን ንገረኝ። ከታች ምንም ሳይደግፈው፣ ከላይም ምንም ሳያንጠለጥለው፣ ያን የሚያህል ብረት ምን ይዞት ነው የማይወድቀው?» አሉኝ።

የክረምቱ ደመና አይሮፕላኑን አዘግይቶት ስለ ነበር በአዳራሹ ውስጥ የሚጠባበቀው ሰው ሁሉ ጥያቄውን ሰማ። ሥራ ፈትቶ የሚጠባበቅ ሰው ደግሞ ሊቅ ለመሆን ጊዜ አይፈጅበትም። እኔ አፌን ሳልከፍት መልስ ከየአቅጣጫው ይዘንብ ጀመር።

በመጀመሪያ የተናገረው አንድ ነጋዴ ነበር። «ነገሩ ቀላል ነው እማማ፤ በክንፎቹ ላይ ያሉት ሁለቱ ማራገቢያዎች ናቸው የሚያንጠለጥሉት። ይህን ከራሳችን በላይ ያለውን ቬንትሌተር ይመልከቱ፤ ከጣራው ጋር በብሎን ባይታሠር ኖሮ እርሱም በርሮ ይሄድ ነበር» አላቸው። እርሳቸው ለማየት ባይችሉም እኛ ሁላችን ቀና ብለን ቬንትሌተሩን ተመለከትን፤ ከሥሩ የተቀመጠው ሰውዬም ወንበሩን ጥቂት ፈቀቅ አደረገ። አንድ ወጣት ደግሞ፣ «የለም፤ የሚያስቸግረው እስኪወጣ ድረስ ነው። ከደመናው በላይ ከሆነ በኋላ ምድር መሳቧን ትተዋለች፤ በዚያ ክብደት የሚባል ነገር የለም» አለ። የእናቱን ቀሚስ ይዞ የቆመ ሕፃን፣ አይሮፕላኑ ክንፎቹን እንደ ዝንብ እጅግ ፈጥኖ ስለሚያርገበግብ ለዐይን አይታይም አለ። ከኢታንግ የመጡ አንዲት ሴት ምክር ጨመሩ፤ «ምን እንደሚይዘው አላውቅም፤ ነገር ግን ሰው ሁሉ በአንድ ወገን እንዳይቀመጥ ንገሩልኝ፤ እንደ ታንኳ ይገለበጣል»። ሰው ሳቀ። እኔ ግን በኋላ እንደ ተረዳሁት የሴትዮዋ ፍርሃት መሠረት አለው፤ በትናንሽ አይሮፕላኖች ሰውና ዕቃ የሚደለደለው ሚዛን እየታየ ነውና።

በአጠገባችን የነበሩ አንድ ቄስ ጨዋታውን በልክ ለማድረግ ብለው፣ «በእግዚአብሔር ፈቃድ ነው» አሉ። እማማም ዝቅ ብለው እጅ ከነሡ በኋላ፣ «እርሱንስ ዐውቃለሁ አባቴ፤ የእግዚአብሔር ፈቃድ በምን አድርጎ እንደሚይዘው ነው የጠየቅሁት» አሏቸው። ቄሱም ሳቁና፣ «እርሱን እንግዲህ መምህሩ ይንገሩን» ብለው ወደ እኔ ጠቆሙ።

እኔ ከመናገሬ በፊት ግን አንድ ሁለት ሰዎች ቀደሙኝ። በአንድ መሥሪያ ቤት የሚሠሩ፣ መነጽር ያደረጉ ሰው፣ «የጋምቤላ ሰው ይህን ሊጠይቅ አይገባውም» ብለው ጀመሩ። እንደሚታወቀው በ1894 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክና በእንግሊዝ መንግሥት መካከል በተደረገው ውል መሠረት በባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ ተቋቁሞ፣ ክረምት ሲሆንና ወንዙ ሲሞላ መርከቦች ከካርቱም ተነሥተው በነጭ ዓባይና በሶባት በኩል እስከዚህች ከተማ ይመጡ፣ ቡናም ጭነው ይመለሱ ነበር። «የብረት መርከብ በባሮ ላይ ሲንሳፈፍ አባቶቻችን አይተዋል። አየርም ባሕር ነው፤ አይሮፕላንም በውስጡ ይንሳፈፋል» አሉ። ይህ መልስ የተማረ ሰው መልስ ስለ ሆነ ብዙዎች ራሳቸውን ነቀነቁ።

በመጨረሻም በማዕዘኑ በኩል ተቀምጠው የነበሩ አንድ የአኝዋክ ሽማግሌ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ተናገሩ። ዕድሜያቸውን በሙሉ፣ የአኝዋክ ሰዎች ኦፔኖ በሚሉት በባሮ ወንዝ ላይ ታንኳ የቀዘፉ ሰው ናቸው። «መቅዘፊያዬን በወራጁ ውኃ ውስጥ ጠፍጣፋውን አስተኝቼ ብይዘው ውኃው ከላይና ከታች አልፎት ይሄዳል» አሉ። «ፊቱን ጥቂት ቀና ባደርገው ግን ውኃው ከእጄ ነጥቆ ወደ ላይ ሊያወጣው ይታገለኛል። ያም ክንፍ መቅዘፊያ ነው፤ ነፋሱም ወንዝ ነው።»

ሰው ፈገግ አለ። እውነቱን ለመናገር እኔም ፈገግ አልሁ። ከዚያም ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ ለብዙ ዓመታት ለ8ኛ ክፍል ተማሪዎች በጥቁር ሰሌዳ ላይ እየሣልሁ ያስተማርሁትን መልስ እንደ ድጓ በቃሌ አወረድሁት። «የአይሮፕላን ክንፍ» አልሁ፣ «ከላይ ጐበጥ ያለ፣ ከታች ጠፍጣፋ ነው። አየሩ በክንፉ ፊት ለሁለት ይከፈላል። በላይ የሚያልፈው መንገዱ ስለሚረዝምበት፣ በታች ከሚያልፈው ጓደኛው ጋር በክንፉ ጅራት እኩል ለመድረስ መፍጠን አለበት። የፈጠነ አየር ደግሞ ግፊቱ ይቀንሳል፤ በታች ያለው ግፊት ስለሚበልጥ ክንፉ ወደ ላይ ይነሣል።» አዳራሹ ጸጥ አለ። ባለ መነጽሩ ሰው፣ «ይኸው፣ ሳይንሱ ይህ ነው» አሉ።

በዚህ ጊዜ ከኋላችን መጽሐፍ ሲያነብ የነበረ ወጣት ተነሥቶ ሰላምታ ሰጠኝ። አንድ የምህንድስና ተማሪ ነው፤ ለክረምት መጥቶ አሁን ወደ ዩኒቨርሲቲው ይመለሳል። ፊቱን ለየሁት፤ ከስምንት ዓመት በፊት በእኔ ክፍል ተምሯል።

«መምህር፣ ያን ጊዜ የጠየቅሁዎትን ያስታውሱታል?» አለኝ።

አላስታወስሁትም ብል ደስ ባለኝ ነበር፤ ግን አስታወስሁት። ያንኑ ሥዕል በሰሌዳ ላይ ሥዬ ሳበቃ እጁን አንሥቶ፣ «እንዲህ ከሆነ አይሮፕላን ተገልብጦ እንዴት ይበራል? ተገልብጦ ሲበር በፊልም አይቻለሁ፤ የጐበጠው ወደ ታች ሲሆን ወደ መሬት ሊገፋው አይገባም?» ብሎኝ ነበር። መልሱን አላውቀውም ነበር። አላውቀውም እንደ ማለት፣ «ፊልም የምትመለከትበትን ጊዜ ለጥናት ብታደርገው በተሻለህ ነበር» አልሁት፤ ክፍሉም ሳቀበት። በልጅነቴ በቅኔ ቤት መምህራችን የተማሪን ጥያቄ እንዲህ ባለ ነገር መልሰው አያውቁም፤ እንዲያውም ጠያቂ የጠፋ ቀን ይቈጡ ነበር። ይህን ልማድ ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም።

ወጣቱ ሊያሳፍረኝ አልፈለገም፤ ድምፁም ትሑት ነበር። ነገር ግን እማማ፣ «ምን ጠይቀኸው ነበር?» ብለው አላስቀመጡትም። ስለዚህ አይሮፕላኑ እስኪመጣ ድረስ ከአጠገባቸው ተቀምጦ፣ በሁላችን መልስ ላይ አንድ በአንድ ፍርድ ሰጠ። እኔም ከዚያ ወዲህ መጽሐፍ አገላብጬ የተናገረው ትክክል መሆኑን ስላረጋገጥሁ ለአንባብያን አቀርበዋለሁ።

በቬንትሌተሩ ጀመረ። የአይሮፕላኑ ማራገቢያ የሚስበው ወደ ፊት እንጂ ወደ ላይ አይደለም፤ እንደ በቅሎ ጋሪውን ይጐትታል እንጂ ጋሪውን በጀርባው አይሸከምም። ምድር መሳቧን ትተዋለች የተባለውን በተመለከተ ደግሞ ሒሳቡን በእጁ መዳፍ ላይ ሠራው። ወደ ጋምቤላ የሚመላለሰው ዳሽ 8 የሚባለው አይሮፕላን እጅግ ቢወጣ 7,600 ሜትር ያህል ነው። በዚያ ከፍታ 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው ከክብደቱ የሚጐድልለት 200 ግራም እንኳ አይሞላም፤ ከአንድ ብርጭቆ ውኃ ያነሰ ማለት ነው።

የመርከቡ መልስ ብዙ ጊዜ ወሰደ፤ ባለ መነጽሩ ሰው በቀላሉ የሚረቱ አልነበሩምና። መርከብ የሚንሳፈፈው ቦታውን የለቀቀለት ውኃ የመርከቡን ክብደት ያህል ስለሚመዝን ነው። አይሮፕላኑስ ምን ያህል አየር ያስለቅቃል? አካሉ በሙሉ ቢሰፈር ቢበዛ 250 ሜትር ኩብ ነው። በጋምቤላ ሙቀት አንድ ሜትር ኩብ አየር አንድ ኪሎ ከመቶ ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ስለዚህ አየሩ ሊያንሳፍፍለት የሚችለው ከ300 ኪሎ በታች ነው። አይሮፕላኑ ግን ሲጫን 29 ቶን ይመዝናል። «እንግዲህ መርከቡ ሰጠመ» አሉ ቄሱ።

እኔን ያስደነቀኝ ግን ሌላ ነው፤ አየር ይህን ያህል መመዘኑ። ነፋስ ከአራቱ ባሕርያት አንዱ መሆኑን ገና በልጅነቴ ተምሬአለሁ፤ በሚዛን ላይ አውጥቼ አስቤው ግን አላውቅም። ርዝመቱ 8፣ ወርዱ 6፣ ቁመቱ 3 ሜትር የሆነ የእኔ ዓይነት ክፍል በውስጡ የያዘው አየር አንድ ኩንታል ተኩል ጤፍ ያህል ይመዝናል። በየቀኑ ይህን ሁሉ ሸክም በመካከላችን አድርገን፣ ባዶ ክፍል እያልን እንጠራዋለን።

ከዚያ የእኔ ተራ ደረሰ። ስሕተቱ በአንዲት ቃል ላይ ነው፤ «እኩል ለመድረስ» በምትለው። ለሁለት የተከፈለው አየር በክንፉ ጅራት እንደገና እንዲገናኝ ያዘዘው ማንም የለም፤ ቀጠሮ የላቸውም። በእንግሊዝ አገር በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ሆልገር ባቢንስኪ የተባሉ መምህር በኤውሮፓ አቆጣጠር በ2012 ጢስ በክንፍ ላይ እያሳለፉ በፊልም አሳይተዋል፤ በላይ የሚያልፈው ጢስ ከታችኛው ጋር እኩል አይደርስም፤ እጅግ ቀድሞት ይሄዳል። ደግሞም የላይኛው መንገድ ከታችኛው የሚረዝመው በጥቂት እጅ ብቻ ስለ ሆነ፣ በእኔ ትምህርት ተሰልቶ የሚገኘው ኃይል አይሮፕላኑን ከመሬት አያነሣም። የፈጠነ አየር ግፊቱ ይቀንሳል ያልሁት ግን ሐሰት አይደለም፤ የስዊሱ ሊቅ ዳንኤል በርኑሊ በኤውሮፓ አቆጣጠር በ1738 ባሳተመው መጽሐፍ የታወቀ ነው። ሐሰቱ አየሩ የሚፈጥንበትን ምክንያት መፈልሰፌ ነው። እንዲህ ያለው ስሕተት ከሕፃኑ ዝንብ ይልቅ ይከፋል፤ ከእውነት ጋር ተደባልቆ ስለሚቀርብ ማንም አይጠረጥረውም።

ለመጽናኛ ያህል ወጣቱ ሌሎች ባልደረቦች ሰጠኝ። ታላቁ ኒውተን አየርን እንደ ተወረወረ ጠጠር አድርጎ ያሰበውን ሐሳብ ይዘው በኋላ የመጡ ሰዎች ስሌት ቢሠሩ፣ ክንፍ የሚሰጠው ኃይል እጅግ ጥቂት ሆኖ ስላገኙት ሰው በማሽን ሊበር አይችልም እስከ ማለት ደረሱ። ወንድማማቾቹ ራይት ግን በ1896 ዓ.ም. በታኅሣሥ ወር ለ12 ሰከንድ በረሩ። አልበርት አይንስታይንም በኤውሮፓ አቆጣጠር በ1916 ስለ ክንፍ ጽፎ፣ እንደ ድመት ጀርባ የጐበጠ ክንፍ አቀደ፤ አንድ የጀርመን ፋብሪካም ሠራው። አይሮፕላኑ ተነሥቶ በአየር ላይ እንቁላል እንደ ከበዳት ዳክዬ ሲንገዳገድ አብራሪው በጭንቅ አሳረፈው። አይንስታይን በሸመገለ ጊዜ ይህን የወጣትነት ሞኝነት ብሎ በደብዳቤ አምኗል። እኔ ከእርሱ ጋር በአንድ መስመር የተሰለፍሁት በዚህ ብቻ ነው።

«ታዲያ እውነተኛው የማን ነው?» አሉ እማማ።

ወጣቱ ወደ ማዕዘኑ ዞረና፣ «የእርሳቸው ነው» አለ፤ «አንድ ነገር ብቻ ይጨመርበታል።»

ክንፉ አየሩን ወደ ታች ይገፋል፤ አየሩም በአጸፋው ክንፉን ወደ ላይ ይገፋዋል። ነገሩ ከሥር ከሥሩ ይህ ነው። ብዙዎች ግን በባሮ ላይ ልጆች እንደሚያነጥሩት ጠፍጣፋ ድንጋይ፣ አየሩ የክንፉን ሆድ ብቻ እየመታ የሚያነጥረው ይመስላቸዋል። እንዲህ አይደለም፤ በክንፉ ጀርባ ላይ የሚያልፈውም አየር የክንፉን ቅርጽ ተከትሎ ወደ ታች ይታጠፋል፤ እንዲያውም የሚበልጠው ሥራ የሚሠራው በላይኛው ፊት ነው። አየሩ ሲታጠፍ ከላይ ያለው ግፊት ይቀንሳል፣ ከታች ያለውም ይጨምራል፤ ግፊት ብንለውም አየሩን ወደ ታች ማውረድ ብንለውም የአንድ ነገር ሁለት ስም ነው። ተገልብጦ የሚበር አይሮፕላንም አፍንጫውን ጥቂት ቀና አድርጎ አየሩን ወደ ታች እስካጠፈ ድረስ ይበራል፤ የክንፉ ጕብጠት ያግዛል እንጂ ግዴታ አይደለም።

ይህ ሁሉ የሚጠይቀው የግፊት ልዩነት ከሚታሰበው ያነሰ ነው። የዳሽ 8 ክንፍ ስፋቱ 63 ካሬ ሜትር ያህል ስለ ሆነ እያንዳንዱ ካሬ ሜትር የሚሸከመው 460 ኪሎ ገደማ ነው። በጋምቤላ ምድር ላይ አየሩ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ 10 ቶን ያህል ይጫናል። እንግዲህ ከላይና ከታች ባለው ግፊት መካከል ከ20 እጅ አንድ እጅ ያህል ልዩነት ከተገኘ አይሮፕላኑ ተነሣ ማለት ነው። ቦሌ ግን ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ አየሩ የሳሳ ስለ ሆነ፣ ያው አይሮፕላን ከዚያ ለመነሣት ከጋምቤላ ይልቅ የበለጠ ፍጥነት ያስፈልገዋል። የጋምቤላ ሙቀትም አየሩን ያሳሳል፤ ነገር ግን የዝቅታችንን ጥቅም አያጠፋውም።

ሽማግሌው በጥሞና ካዳመጡ በኋላ፣ «መቅዘፊያውን አብዝቼ ካቀናሁት ግን» አሉ፣ «ውኃው ከጀርባው ተለይቶ ይሽከረከራል፤ መቅዘፊያው ይንቀጠቀጣል፣ ማንሣቱንም ይተዋል።» ወጣቱ መጽሐፉን ከፍቶ አንድ ሥዕል አወጣና ሰጣቸው። በሥዕሉ ላይ ክንፍ አለ፤ ከጀርባው አየሩ ተለይቶ ይሽከረከራል። አብራሪዎች ከሁሉ አስቀድመው እንዲጠነቀቁት የሚማሩት ይህን ነው። ሽማግሌው ሥዕሉን አይተው፣ «አዎን፣ ይህ ነው» ብለው መለሱለት።

እማማ ግን የሚፈልጉት ሌላ ነበር። «ሞተሩ ቢጠፋስ?» አሉ። ይህ ከጥያቄው ሁሉ ሥር የነበረው ጥያቄ ነው፤ እኔ በአየር መንገድ ርዝመት ስራቀቅ አልሰማሁላቸውም። ወጣቱም፣ ሞተር ቢጠፋ ክንፉ አይጠፋም፤ አይሮፕላኑ ቁልቁለት እንደሚወርድ ጋሪ እየተንሸራተተ ይወርዳል እንጂ እንደ ድንጋይ አይወድቅም አላቸው። በ1975 ዓ.ም. በሐምሌ ወር በካናዳ የሆነውንም ነገራቸው። አንድ ቦይንግ 767 ነዳጅ ሲሞላ ኪሎን ከፓውንድ ጋር አሳስተው ሒሳቡን ስለ ሠሩት፣ ከ12,000 ሜትር በላይ በሆነ ከፍታ ላይ ሳለ ነዳጁ አለቀ፣ ሁለቱም ሞተሮች ጠፉ። አብራሪዎቹ ግን እያንሸራተቱ ጊምሊ በምትባል ቦታ፣ በአሮጌ የጦር አይሮፕላን ሜዳ ላይ አሳረፉት፤ በውስጡ የነበሩት 69 ሰዎች ሁሉ ተረፉ። የሒሳብ መምህራን ይህን ታሪክ በክፍላችሁ ብትናገሩት ተማሪ ክፍልፋይን በሌላ ዐይን ያየዋል።

እማማ ጣታቸውን ከነጠላቸው ጫፍ አነሡ። «ይህንን ነበር በመጀመሪያ መናገር» አሉና ወደ እኔ ዞሩ።

አይሮፕላኑ በመጨረሻ መጣ። ሰው ለመሳፈር ሲሰለፍ ወጣቱን ለብቻው ፈቀቅ አድርጌ፣ «ያን ቀን በድዬሃለሁ፤ ይቅር በለኝ» አልሁት። «ይቅር ለእግዚአብሔር» አለኝ። ጥቂት ዝም ብሎ ግን፣ «ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ 12ኛ ክፍል ድረስ በክፍል ውስጥ እጄን አንሥቼ አላውቅም ነበር፤ አሁንም ይከብደኛል» ብሎ ጨመረ። ይህን ያለኝ በቁጣ አልነበረም። ከዚያም የእማማን ቦርሳ ተቀብሎ፣ ክንዳቸውን ደግፎ ወደ አይሮፕላኑ ወሰዳቸው።

በመስከረም ትምህርት ሲጀመር ያንን ሥዕል ሥዬ፣ ስሕተቱን አሳይቼ አጠፋሁት፤ አዲሶቹ ተማሪዎቼ አሮጌውን ስለማያውቁት ምን እንደማጠፋ አልገባቸውም። ስለዚህ ይህን መጽሔት በየቤታችሁ የምታነብቡ፣ ባለፉት 14 ዓመታት በጋምቤላ ከእኔ የተማራችሁ ሁሉ፣ ስለ ክንፍ በደብተራችሁ ላይ ያስጻፍኋችሁን ሰርዙት። በዚያ ክፍል ሳለ ጠይቆ የተሳቀበት ሌላም ተማሪ ቢኖር፣ እኔ ብዘነጋው እርሱ አይዘነጋውምና፣ ይህ ለእርሱም የተጻፈ ነው።

እማማ ከመስቀል በዓል በኋላ ተመለሱ። አንደኛው ዐይናቸው ተከፍቷል፤ ሁለተኛውን ለሌላ ጊዜ ቀጥረውላቸዋል። ሲሄዱ ምንም ሳያዩ ነበር የሄዱት፤ ሲመለሱ ግን በመስኮት አጠገብ ለመቀመጥ ለምነው፣ ዳሽ 8 ክንፉ ከላይ ነውና አንገታቸውን ቀና አድርገው ከቦሌ እስከ ጋምቤላ ክንፉን ሲመለከቱ መጡ። ልቀበላቸው ሄጄ ሳለሁ ገና ከደረጃው ሳይወርዱ፣ «አይርገበገብም» አሉኝ፤ «ለዚያ ልጅ ንገሩት።»